ተቀባይ ያጣች አውራጅ

ደልፊያ ናሽቪል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የካንትሪ ዘፈን ስትዘፍን እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ኬንታኪ፣ ተራራው ላይ ዘመድ አዝማድ የአባቷን መቃብር ከቦ ይጠብቃታል። በየዓመቱ የቤተሰቡ መካነ መቃብር ሲጸዳ መዝሙር የሚያወርደው አባቷ ነበር፤ ዘንድሮ ተራው የእሷ ሆነ። ጊታር የለ፣ ማይክ የለ፣ መደበቂያ የለ።

ጀመረች። ስንኙን በስንኝ ላይ እያስከተለች፣ ድምጿን እያሽሞነሞነች እስከ መጨረሻው ዘለቀች። የተቀበላት ግን አንድም ሰው የለም።

«አበላሸሁት እንዴ?» አለች።

አክስቷ ኦማ መሬቱን በከዘራቸው ወጋ አደረጉት። «አንቺ ልጅ! አባትሽ አንድ ስንኝ አውርዶ ዝም ይል ነበር። ሁሉን ብቻሽን ከጨረስሽው እኛ በየት እንግባ?»

ደልፊያ እንደገና አንዲት ስንኝ አውርዳ አፏን ዘጋች። ዝምታው ረዘመባት። ከዚያ ኦማ በሻካራ ድምፃቸው ተቀበሏት፤ ሌላውም ተከተለ።

በማግስቱ የናሽቪሉ መድረክ ዘፋኟን ሲጠብቅ አመሸ፤ እሷ ግን ከዘመዶቿ ጋር ተራራው ላይ ቀርታ ነበር።