ከአማቴ ጋር ከመኪና ሥር

አማቴን ኤዶ ጉሃድን፣ ኤዶ በእኛ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፣ በወደብ ከተማዋ በበርበራ የዓሣ ገበያ የማይፈራቸው የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራቸው ነበር። ልጃቸውን ኡባህን ካገባሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእሳቸው ጋር ያወራሁት ቢሰበሰብ አንድ ብርጭቆ ሻይ አያስጨርስም። ሲገቡ ብድግ እላለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። እሳቸውም ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው «ደኅና ነህ ራጌ?» ይሉና ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞራሉ። አማትና አማች መፈራራቱ ያለ ነው፤ የእኛ ግን ትንሽ በዛ።

በሐምሌ፣ ያ እሳት የመሰለ ነፋስ ከተማውን ባዶ ባደረገበት ሰሞን፣ መኪናቸው ቆመ። አሮጌ ባለ ፎርዊል ፒክአፕ ናት። ሟቹ ባለቤታቸው፣ ከእሳቸውም በኋላ አማቴ ራሳቸው፣ አሸዋው ላይ ከሚቆሙት ጀልባዎች ዓሣ እየጫኑ አሥራ ስምንት ዓመት ነድተዋታል። መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ ማጉረምረም ጀመረች፤ ከዚያ አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ጎማዎቹ አንዞርም አሉ።

«ሂድና እያት» አለችኝ ኡባህ።

«ሌላ መካኒክ ቢሄድ አይሻልም?»

«ሌላ መካኒክ የት አለ? ሁሉም ሼክ ተራራ ወጥቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል። ደግሞ እናቴ አትነክስም።»

«አንቺን ነው የማትነክስሽ» አልኩና የመሣሪያ ሣጥኔን አንሥቼ ሄድኩ።

ችግሩን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ከካምቢዮው ኋላ ተለጥፎ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ማርሽ ቤት ውስጥ ኩሽኔታው ደቅቋል። ማርሽ ቤቱን አውርዶ ከመክፈት ሌላ መፍትሔ የለም። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር መኪናዋን በድንጋይና በእንጨት ከፍ አድርጌ ገባሁባት። ዘይቱን አፈሰስኩ፣ የፊትና የኋላውን ዘንግ ፈታሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ነቀልኩ፣ ከሾፌሩ ጎን ያሉትን የማርሽ ዘንጎች ከነመሸፈኛቸው አወጣሁ። ፀሐይ ዛፉን ሳታልፍ የመጨረሻዋን ብሎን በእጄ ይዤ ነበር።

ማርሽ ቤቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

በእንጨት መታሁት። በካቻቢቴ ፈለቀቅኩት። ናፍጣ አጠጥቼ ጠበቅኩት። ምንም። ይህ ሁሉ ሲሆን ኤዶ ጉሃድ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው፣ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። እኔ ደግሞ እግሬ ወደ እሳቸው ተዘርግቶ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ሽርጤ እንዳይገለጥ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በሲባጎ አስሬዋለሁ። ከሁሉም የከፋው ግን አፌ መታሰሩ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ሳልሳደብ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ጋራዥ ውስጥ ስሜ የታወቀው በዚህ ነው። አማቴ ፊት ግን እንዴት ብዬ? እጄ ተልጦ ደም ሲወጣ እንኳ «ሱብሃነላህ» እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ኤዶ ጉሃድ ተነሥተው ጠጋ አሉ። ከመኪናዋ ሥር ሆኜ የማየው የፕላስቲክ ጫማቸውን ብቻ ነው።

«ምን ሆነ?»

«ተጣብቋል ኤዶ።»

«ምን ከምን ጋር?»

«ማርሽ ቤቱ የጣት ውፍረት ባላቸው ሁለት የብረት ካስማዎች ላይ ነው የሚሰካው። ከዓሣው ሣጥን የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ዓመት እስከ ዓመት እዚያው ላይ ነው የሚወርደው፤ በልቶት ነጭ ዱቄት ሆኗል። ማርሽ ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ካስማውን ነክሶ ይዞታል።»

«አሉሚኒየም? እንደ ድስት?»

«እንደ ድስት።»

ጫማዎቹ ዞረው ሄዱ። ባለቤታቸው የተዉላቸውን መኪና ድስት አልኩባቸው ማለት ነው፣ ተቀየሙ፣ ብዬ ላቤን ጠረግኩ። ትንሽ ቆይቶ የከሰል ምድጃ ሲራገብ ሰማሁ። ተመልሰው ሲመጡ ለድግስ የሚያወጡትን ትልቁን ማንቆርቆሪያ እያጨሰ ይዘዋል።

«ድስት በድስት ውስጥ ሲነክስብኝ የውጪውን በፈላ ውሃ ነው የማላቅቀው» አሉ። «ይሄስ ምን ይለየዋል?»

አፈርኩ። ጋራዥ ብሆን በእሳት አሞቀው ነበር፤ እዚህ ነዳጅ አጠገብ እሳት ፈርቼ እጄን አጣጥፌአለሁ። የፈላ ውሃ ወደ አእምሮዬ አልመጣም። ውሃው መፍሰስ ያለበት ደግሞ ከላይ፣ የማርሹን ዘንጎች ባወጣሁበት ቀዳዳ በኩል ነው። ያን ስነግራቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። በቀዳዳው አሻቅቤ ሳይ አንድ ዓይናቸው ይታየኛል።

«ላፍስስ?»

«ይቆዩ ኤዶ፣ ክንዴን ላው...»

አፈሰሱት። ውሃው ማርሽ ቤቱን አጥቦ፣ የተረፈው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«አንተ ከይሲ! አንተ የውሻ ዘር! እናትህ ትቃጠል!»

ነፋሱ ራሱ የቆመ መሰለኝ።

«የማንን እናት ነው?» አሉ ኤዶ ጉሃድ ቀስ ብለው።

«የማርሽ ቤቱን! ኤዶ በአላህ፣ የማርሽ ቤቱን እናት ነው!»

መኪናዋ መነቅነቅ ጀመረች። የተናደዱ መስሎኝ ልወጣ ስል ሳቃቸው መጣ፤ ወለሉን በመዳፋቸው እየደበደቡ የሚስቁት ሳቅ። ሳቁ ሲበርድላቸው አፋቸውን ወደ ቀዳዳው አስጠግተው ማርሽ ቤቱን እሳቸውም ሰደቡት። ምን እንዳሉት አልናገርም። ጀልባ የሚገፉት ጎረምሶች ለምን እንደሚፈሯቸው ግን ያን ጊዜ ገባኝ።

«በል ፈልቅቀው! እኔ እደግመዋለሁ!»

ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ ሲያፈሱ ክንዴን አሽሽቼ፣ ካቻቢቴውን በአንድ ወገን፣ አንድ የብረት ዘንግ በሌላው ወገን ሰካሁ። «አይዞህ! አሁንም!» ይላሉ ከላይ። በሦስተኛው «ቋ» አለ። ፀጉር የማያስገባው ክፍተት ጣት አስገባ። «ወጣ ኤዶ! እየወጣ ነው!» ብዬ ስጮህ ማርሽ ቤቱ ተንሸራትቶ ወጣ፤ ከሥሩ የደገፍኩበት ክሪክ ተንጋደደና የሰባ በግ የሚያህለው ሸክም ደረቴ ላይ ተኛ።

ትንፋሼ ጠፋ። «ኤዶ» ለማለት ሞከርኩ፤ የወጣው ሲጥ የሚል ድምፅ ነው።

እንዴት ከመኪናዋ እንደወረዱ አላየሁም። ድንገት አጠገቤ አሸዋው ላይ ተዘርግተው፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ሽበታቸው ዘይት እየነካው አየኋቸው።

«አትንቀሳቀስ። ከዚህ የሚከብድ ዓሣ አንሥቼ አውቃለሁ። ሦስት ስል ትገፋለህ።»

ሦስት አሉ። እኔ ገፋሁ፤ እሳቸው እጃቸውን ከሥሩ አስገብተው ወደ ራሳቸው ጎተቱ። ማርሽ ቤቱ በመካከላችን አሸዋው ላይ ወደቀ። ሁለታችንም በጀርባችን ተኝተን፣ የመኪናዋን ዝገት እያየን፣ ትንፋሻችን እስኪመለስ ጠበቅን።

«የጎድን አጥንትህ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው ኤዶ።»

«ኡባህ አንተን ስታገባ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ» አሉ ሳላስበው።

«አውቃለሁ።»

«ለምን ይመስልሃል?»

«እጄ ዘይት ስለሆነ።»

«ሞኝ ነህ። የእኔ እጅ ምን ይሸታል? ከአባቷ ሞት በኋላ ቤቱ ውስጥ የምታወራኝ እሷ ብቻ ነበረች። አንተን ደግሞ ሳይህ ከበር ትሸሻለህ። ልጄን መውሰዱ አንሶ ጨዋታም ይነፍገኛል እል ነበር።»

«ፈርቼዎት እኮ ነው።»

«እኔስ አንተን የማልፈራ መሰለህ? ምን ልበልህ? ስለ ሞተር አላውቅ።»

መልስ ልሰጥ ስል የግቢው በር ተከፈተ። ኡባህ ናት፤ ምሳ ይዛ መጥታ ከመኪናዋ ሥር የወጡትን አራት እግሮች አይታ ቆመች።

«እማ?»

«ሩዙን እዚያ አስቀምጪው» አሉ ኤዶ ጉሃድ ሳይነሡ። «ከራጌ ጋር እያወራን ነው።»

ኡባህ ጎንበስ ብላ ተራ በተራ አየችን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ እንባ ሆነባትና ፊቷን አዞረች።

ኩሽኔታው ከሐርጌሳ በአውቶቡስ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ሲመጣ ማርሽ ቤቱን አብረን ገጠምነው። ካስማዎቹን በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው ግራሶ የቀቡት እሳቸው ናቸው፤ አይበቃም ብለው እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ቀቡ። ከዓሣው ሣጥን የሚወርደው ውሃ ወደ ጎን እንዲሄድ እኔም ከወለሉ ሥር አንድ ቆርቆሮ አጠፍኩ። ለሙከራ ወደ ባሕሩ ወርደን መሪውን እሳቸው ያዙ። ልስልሱ አሸዋ ላይ ስንደርስ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ማርሹን አስገቡ፤ መኪናዋ ሳታጉረመርም ቀጥ ብላ አለፈች።

«ራጌ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከፊት ሳይነቅሉ። «ኡባህን መንዳት አስተምርልኝ። እኔ ስነግራት እንደሆነ ትጨቃጨቀኛለች።»

ነፋሱ ጋብ ሲል አስተማርኳት። እናትየው ከኋላ የጭነት መጫኛው ላይ ቆመው፣ ጣሪያውን ይዘው፣ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ልቀቂ!» እያሉ ይጮኻሉ። ኡባህ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አሸዋ ውስጥ ቀበረችን። ሁለቱንም ጊዜ ወርደን የገፋነው እኔና ኤዶ ጉሃድ ነን።