ቀለሙን የለቀቀው መሶብ

በጃንሆይ ዘመን፣ ጋይንት ውስጥ ባለች አንዲት መንደር፣ ሙሽራ ውሃ የሚይዝ መሶብ ሳትሰፋ ጎጆ አትወጣም ነበር። ደጊቱ ከባሏ ከእንየው ጋር በአማቷ በእማማ ማንጠግቦሽ ቤት ከርማለች። ባልና ሚስቱ በሹክሹክታ ቢስቁ ቤተሰቡ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ደጊቱ የራሷን ደጃፍ ናፈቀች።

የአገሩ መሶብ ነጭና ጥቁር ብቻ ነው። ደጊቱ ግን ንፋስ መውጫ ገበያ፣ ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ ያመጣውን ቀይ የዱቄት ቀለም አይታ ልቧ እዚያው ቀረ። ገዝታ መጣችና አክርማውን፣ ያንን የመስፊያ ሣር፣ ነከረችበት። ከችኮላዋ የተነሣ ሳታጥበው ሰፋችው።

የፈተናው ቀን የመንደሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። እማማ ማንጠግቦሽ መሶቡን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ውሃ ሞሉት። ደንቡ «አቡነ ዘበሰማያት» ተደግሞ እስኪያልቅ ጠብ እንዳይል ነው። ሁሉም እየደገሙ አጎንብሰው ከሥሩ አዩ። ጠብ አላለም። «አሜን» ብለው ቀና ሲሉ ግን ውሃው ደም መስሏል።

«በስመ አብ!» አለች ጎረቤታቸው ማሬ። «ወይን ጠጅ ጠመቀችልን እንዴ?»

ውሃው ሲደፋ፣ ነጭ የነበረው ሁሉ የኮክ አበባ መስሎ ወጣ።

«እንጀራችንም ሊቀላልን ነው!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ደጊቱ ጎጆዋ ከውሃው ጋር የፈሰሰ መሰላት።

«ይዟል አልያዘም?» አሉ እማማ ማንጠግቦሽ።

«መያዙንስ ይዟል። ግን እማማ፣ ይህ መልክ ከየት አባቱ መጣ?» አለች ማሬ።

«እኔ ጥቁር ሐረግ አስገብቼ የሰፋሁ ጊዜ፣ አማቴ ‹መሶብ ነው ወይስ ዥጉርጉር ድመት?› ብለውኝ ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ነጩን ብቻ ነዋ! ዛሬ ያለ ጥቁር የምትሰፋ ማን አለች? አንቺ ትሰፊያለሽ?»

ማሬ መሶቡን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው፤ ዞር አድርጋም አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደጊትዬ፣ ነጋዴው ለቅዳሜ ይመለሳል?» አለች።

አሁን ሳቁ በማሬ ላይ ሆነ። ሌሎቹም መሶቡን ይቀባበሉት ጀመር።

«ከእንግዲህ አክርማው ተነክሮ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይሰፋ» ብለው እማማ ማንጠግቦሽ ደንቡ ላይ ጨመሩበት። «ይህኛው ግን አልፏል።» በር ላይ ወደቆመው ልጃቸው ዞሩና፣ «አንተ! ምን ይገትርሃል? ሂድ የጎጆህን ቋሚ ቁረጥ እንጂ!» አሉት።

እንየው ከደስታው ብዛት መጥረቢያውን ረስቶ ወደ ጫካው በረረ። ደጊቱ መጥረቢያውን ታቅፋ፣ እየሳቀች ተከተለችው።