የዳነው እግር

ነርሷ ሰው አትጠላም፤ ሰውም አይጠላትም። ችግሩ አስታውሶ የሚደውልላት አለመኖሩ ነው። ቁስል ማጠቢያ ክፍል ስታጥብና ስታሽግ ትውላለች፤ ማታ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ያለበት ቤቷ ገብታ ትዘጋለች። ይኸው ነው ኑሮዋ።

ሽማግሌው ጫማ ሰፊ የመጡት ቢላ አምልጧቸው ቅልጥማቸውን ሸርክቷቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ ጎንበስ ብላ ፋሻ ስትጠቀልል፣ "ሲስተር፣ ምሳ በልተሻል?" አሏት። አልበላችም። ይህን የጠየቃት ሰው መቼ እንደነበር ብታስብ ብታስብ ጠፋባት። ከዚያ ወዲያማ አለቀላት! በየሁለት ቀኑ እየመጡ ስለ ደንበኞቻቸው ያጫውቷታል። አንዱ የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዞ መጥቶ "ሁለተኛው እየመጣ ነው" እንዳላቸው ሲነግሯት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ጨዋታው ባልከፋ። ካልቀረቡት ሕመሙን ማን ይናገራል? ጥፋቷ ሌላ ነው። ቁስሉ ደርቆ "ድነዋል" ማለት ሲገባት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ከነገ ወዲያ ይመለሱ" ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። አንዴ ቢሆን ይሁን፤ ደገመች፣ ሠለሰች። ደህና እግር በፋሻ መጠቅለል፣ ጉድ እኮ ነው!

አንድ ረፋድ ጫማ ሰፊው ሱሪያቸው አቧራ ለብሶ ገቡ።

"ምነው አባባ፣ ወደቁ እንዴ?"

"ታክሲ አጣሁና በእግሬ ስመጣ አደናቀፈኝ። ሱቁን ዘግቼ ስለወጣሁ ቸኩዬ ነው።"

ልቧ ስንጥቅ አለ። እሷ ሰው ስለራባት ሽማግሌ መንገድ ላይ ይውደቅ? እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ያጠለቀችውን ጓንት መልሳ አወለቀች።

"አባባ፣ ቁስልዎ ከዳነ ሳምንት አልፎታል። እኔ ነኝ የዋሸሁዎት።"

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን አቧራቸውን እያራገፉ፣ "አውቃለሁ ልጄ፤ የራሴ እግር አይደል እንዴ?" አሉ። "እኔ ብቀር ከማን ጋር ታወሪያለሽ ብዬ ነው የምመጣው።"

ካርዱን ሳብ አድርጋ "ድነዋል" ብላ ጻፈችና ፈረመች።

"እንግዲህ አይምጡ፤ ሱቅዎን ይክፈቱ" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ። አንቺም ሰው አትጪ" ብለው ተነሡ።

እስከ በሩ ድረስ አረማመዳቸውን በዓይኗ ተከተለች። አያነክሱም። በሥራዋ ኮራች፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ አለቀሰች።