ተበልቷል የተባለው አፈሙዝ

ሉዋም ጠመንጃ ልትመርጥ ነው የሚለው ወሬ ፒያሳ ከተሰማ ወዲህ፣ በዕድሜው ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አማካሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ማኪያቶውን እያማሰለ «ረጅሙን ያዢ» የሚላት አለ። «የለም፣ ከባዱን ነው፤ ከባድ ጠመንጃ ትከሻ ላይ አይዘልም» የሚላት አለ። ከአባቷ ሱቅ ጎን ወርቅ ቤት ያለው አቡበከር ደግሞ ነገሩን ባጭሩ ቋጨው። «ውዱን!» አላት። ወርቅ ሻጭ ከዚህ ሌላ ምን ይበል?

ልጅቷ ግን የምር ቸግሯታል። በሚቀጥለው ወር የክለቦች የኢላማ ተኩስ ውድድር አለ፤ ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር ነው፣ አጉሊ መነጽርም አይፈቀድም። ክለቧ ለዚህ ርቀት የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ዘንድሮ የተመረጠችው እሷ ናት። ይህን ዕድል ለማግኘት ስንት ቅዳሜና እሁድ መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ እንዳሳለፈች እሷና ክርኖቿ ያውቃሉ። አሰልጣኟ ጋሽ ፈቀደ «የምትተኩሺበትን እስከ ዓርብ ንገሪኝ፤ ከዚያ ወዲያ መቀያየር የለም» ብለዋታል።

ምክር የሚጠየቅ ሰው ከተባለ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ነበር። አባቷ አቶ አርአያ በእጃቸው ወርቅ ሠሪ፣ በስማቸው ግን ተኳሽ ናቸው። የክለቡ የድሮ ሰዎች አሁንም «እንደ አርአያ» ሲሉ ይሰማሉ። ሰውየው ግን ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመጨረሻ ውድድራቸው፣ ጥይቶቻቸው ከወረቀቱ ውጭ እየወጡ አስቸገሯቸው። ከተኙበት ተነሡ፣ አቧራቸውን አራገፉና ጠመንጃቸውን እያሳዩ «አፈሙዟ ተበልቷል» አሉ። ጠመንጃ ሲያረጅ ጥይቱን የሚያሽከረክረው የአፈሙዙ የውስጥ ጥምዝ ይበላል፤ ያን ጊዜ ጥይት ወዳሻው ይሄዳል። አርአያ ተበልቷል ካሉ ተበልቷል፤ ማን ይከራከራቸዋል? ጠመንጃዋን ለክለቡ ግምጃ ቤት ሰጥተው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ተኩስ ሲነሣ ወሬ ይቀይራሉ።

ሉዋም አንድ ክፉ አመል አለባት፤ «ለምን» የምትባል ነገር ከያዘቻት አትለቃትም። በልጅነቷ የሱቁን ሚዛን ለምን እንደሚወዛወዝ ለማወቅ ብላ ፈታታው፣ መልሳ መግጠም አቅቷት አባቷ አንድ ቀን ሙሉ ሳይሸጡ ውለዋል። አሁንም ጠመንጃ መምረጥ ለእሷ ጭንቀት ብቻ አልነበረም፤ ደስም ይላታል። ሁለቱም ብረትና እንጨት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥይት የሚጎርሱ፣ ታዲያ አንዱ ለምን ይታመናል፣ ሌላው ለምን ይክዳል?

ረቡዕ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የተኩስ ሜዳ ሄደች። ጋሽ ፈቀደ ክለቡ በቅርቡ ያስመጣውን ጠመንጃ እንደ ሙሽራ አጅበው አመጡላት። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሰደፉ በተኳሹ ልክ ይረዝማል፣ ያጥራል። የእጅ መንቀጥቀጥ ፍርዱን እንዳያበላሸው ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፈችና አምስት ጥይት ተኮሰች። ጋሽ ፈቀደ በሩቅ ማያ መነጽራቸው አዩና አጨበጨቡ።

«መሐሉን በሳሽው! አለቀ፣ ይሄ ነው ጠመንጃሽ!»

ሉዋም ግን እግሯን አንሥታ ሄዳ ወረቀቱን አመጣችው። እውነት ነው፣ አንዷ መሐሉን በስታዋለች። አራቱስ? አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ደግሞ ተጣልተው ወደ ታች ተራርቀዋል። ገና ለመተኮስ ስትጀምር አባቷ ያሏት ትዝ አላት። «አንዷን አትመኛት፤ አንድ ጥይት ዕድል ናት። አምስቱ የት እንደዋሉ እዪ። አንድ ላይ ከዋሉ መሐሉን ቢስቱም ግድ የለም፤ ማነጣጠሪያውን ታስተካክያለሽ። የተበተነውን ግን ማንም አይሰበስብልሽም።»

«ጋሽ ፈቀደ፣ የአቦይን ጠመንጃ ላውጣት?» አለች፤ አባቷን በትግርኛ እንዲህ ነው የምትጠራው።

«ምን ልትሠሪባት? ተበልታለች እኮ።»

«ማን አየ?»

«አባትሽ ነዋ ያለው» አሉ አሰልጣኙ።

«የተበላ አፈሙዝ ወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው።»

እውነቷን ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እሳቸውም «አንቺና ጥያቄሽ!» ብለው ግምጃ ቤቱን አስከፈቱላትና የሚጮኸውን ስልካቸውን ሊያነሡ ዞር አሉ። ጠመንጃዋ አሮጌ ናት፤ የሰደፏ ቀለም የአባቷ ጉንጭ ባረፈበት በኩል ለቋል። ሉዋም በዚያው ከረጢት ላይ አስደግፋ፣ በዚያው ጥይት አምስት ጊዜ ተኮሰች። ወረቀቱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። አምስቱም ከመሐሉ ዝቅ ብለው ወደ ግራ፣ በአንድ የቡና ሲኒ አፍ ልክ ተሰብስበዋል። አላመነችም። ሌላ ወረቀት ሰቅላ ደገመች። ያው ቦታ፣ ያው ሲኒ።

በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ጠመንጃዋን አግኝታለች! ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለጋሽ ፈቀደ «ነገ እነግርዎታለሁ» ብላቸው ወጣች፤ መጀመሪያ አባቷን ልታበሥር።

ታክሲው አራት ኪሎን አልፎ ወደ ፒያሳ ሲታጠፍ ያቺ «ለምን» መጣች። ጠመንጃዋ ጤነኛ ከሆነች፣ ያን ቀን የሳተው ማን ነው?

ምነው ባልጠየቅሁ አለች በልቧ። መልሱ ዓይኗ ሥር ሲመላለስ የኖረ ነገር ነበር። አባቷ ፈርጥ ያለው ቀለበት መሥራት ትተዋል፤ «ፋሽኑ አልፎበታል» ይሉና ደንበኛውን ወደ አቡበከር ይልካሉ። የሚሠሩበትን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አስጠግተዋል፤ «ለአየሩ» ብለው። ሚዛኑን የምታነበው እሷ ናት፤ «ልምምድ ይሁንሽ» ብለዋት። ሁሉንም አምና ተቀብላለች። ጠመንጃ ሲሆን እንዲህ የምትመረምር ልጅ አባቷን አንድ ቀን እንኳ አልመረመረችም፤ በዚህ አፈረች።

ጉዳዩ ደግሞ ማፈር ብቻ አይደለም። በዚያች ጠመንጃ ብትወዳደር ክለቡ በሙሉ ይጠይቃል፤ ጠመንጃዋ ደህና ከነበረች አርአያን ምን ነካው ይባላል። ክለብ ውስጥ የተባለ ፒያሳ ለመድረስ ማኪያቶ እስኪቀርብ አይፈጅበትም። ዓይኑ ለደከመ ወርቅ ሠሪ ወርቁን የሚሰጥ ማን አለ? አሮጌው ሱቃቸው ከፈረሰ ወዲህ እዚህ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደንበኛ እስኪያገኙ ስንት ለፍተዋል። ደረጃውን ስትወጣ ቁርጥ አድርጋ ወሰነች፤ አዲሱን ትይዛለች።

አቶ አርአያ ድምጿን ሲሰሙ ሣቁ። «እህ ጓለይ፣ ልጄ፣ የቱን አጨሽ?»

«አዲሱን፣ አቦይ።»

«አምስቱ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና።»

«ደህና ብሎ ነገር አለ እንዴ? ወረቀቱን አምጪ።»

የአዲሱን ወረቀት መርጣ ሰጠቻቸው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ዞሩ። ዓይናቸው ውጭ ነበር፤ ጣታቸው ግን በወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። እንዲህ ሲያደርጉ አይታ አታውቅም፤ ወይም አይታ አላስተዋለችም።

«ይሄማ ተበትኗል» አሉ። «በዚህ ነው ውድድር የምትሄጂው? ሌላ አልሞከርሽም?»

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። አባቷ የወረቀቱን መንኮሻኮሽ ሰሙ። እጃቸውን ዘረጉ። የአሮጌዋን ጠመንጃ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ጣታቸው ከመሐሉ ጀመረ፣ ዝቅ አለ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከመጨረሻዋ ተመልሰው እንደገና ዳሰሱ። የማን እንደሆነ አልጠየቋትም።

«ዝቅ ብሎ ወደ ግራ» አሉ ቀስ ብለው። «ማነጣጠሪያውን ካላስተካከሉላት ሁልጊዜም ወደዚያ ነበር የምትሄደው።» ከዚያ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

ሉዋምን አሳዘኗት፤ ደግሞም ተናደደችባቸው። «አቦይ፣ ለምን ያኔውኑ ለሌላ ሰው ሰጥተህ አስተኩሰህ አላየሃትም?»

«ጥሩ ብትሆንስ?»

አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ጉልበታቸውን ያዘች። «በአዲሱ እሄዳለሁ። ማንም አያውቅም። ያንተንም ዓይን ቀስ ብለን ለሐኪም እናሳያለን።»

«በምትስቺበት ጠመንጃ? ለእኔ ብለሽ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ፈቀደን ደውዪልኝ።»

«አቦይ፣ ተው እንጂ …»

«ደውዪ!»

ስልኩን ደውላ ስትሰጣቸው አንዲት ደንበኛ ቀለበት ልታስጠብብ ገብታ ባንኮኒው ጋ ቆማ ነበር። ሉዋም አባቷን በክርኗ ነካች። አቶ አርአያ የሴትዮዋን ጫማ ሰምተዋል፤ እንዳለች አውቀዋል። ወደ ውጭ አልወጡም።

«ፈቀደ፣ አርአያ ነኝ። ልጄ በእኔ ጠመንጃ ነው የምትተኩሰው፤ መዝግብ።»

የጋሽ ፈቀደ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው። «ምን ነካህ ሰውዬ! አፈሙዟ ተበልቷል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አፈሙዟ ደህና ነው» አሉ አቶ አርአያ። «የተበላው የእኔ ዓይን ነው።»

ደንበኛዋ ቀለበቷን እንደያዘች ቀረች። ሉዋም ወረቀቱን ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ፣ አባቷ ጥብቅ አድርገው ይዘውት አልለቀቁላትም።