የትርፌ ቃጫና የቶማ አልበም

ትርፌ አንዴ ከያዘች ያዘች ነው። የሶዶ ገበያ ያውቃታል፤ ከቦምቤ የምታስመጣውን የእንሰት ቃጫ «ሳስቷል» ብሏት በሰላም የሄደ ሰው የለም።

ያን ሰሞን ግን የተናቀው ቃጫዋ አልነበረም፤ ልጇ ነበር።

ቶማ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዴዝ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ይጫወታል። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያንቋቋል፤ ቶማ ደግሞ ከበሮውን እንደ በረዶ እያወረደ ከሆዱ ያጓራል። ግጥሙ ሁሉ ስለ ሞት ነው። ጎረቤቷ ብርነሽ «ልጁን አንድ ነገር ይዞታል፣ እናስጸልይለት» ስትላት፣ ትርፌ «ኢዮብስ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ማን አስጸለየለት?» ብላ ዝም አሰኝታታለች።

ይበል እንጂ አፏ፣ ሆዷ ያፍር ነበር። ብርነሽ ቤት ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት አለ፤ የሁለቱ ቤት ግድግዳ ደግሞ አንድ ነው። ልጆቹ ጓዳዋን ስቱዲዮ አድርገው አልበም ሊቀዱ ሲሉ፣ «ግድግዳው ቃጫ ሳይለብስ አንዲት ድምፅ አትወጣም!» አለች።

«እማ፣ ትንሽ ይበቃል። ሲበዛ ድምፁ ይታፈናል።»

«ቃጫ የምሸጠው እኔ ነኝ አንተ?»

ግድግዳውን አለበሰች፣ ጣሪያውን አለበሰች፣ በሩን ጠቀጠቀች፤ አልበቃ ብሏት የትልቁን ከበሮ ሆድ ሞላችው። አራት ወር እንዲያ ቀዱ። «የአፈር ሸክም» ብለው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት።

የሰፈሩ ሰው ሳይሰማ አወገዘ፤ የአዲስ አበባው ሰው ሳይሰማ ዝም አለ። የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያው ሶዶ ኦቶና አካባቢ የሚኖር፣ ፌስቡክ ላይ ስለ ሙዚቃ የሚተች ኢሳይያስ የሚባል መምህር። እሱም እንዲህ አለ፦ «ከበሮው ጆንያ ውስጥ የታሰረ ይመስላል። ይህ አልበም ሞትን አይፈራም፤ ጎረቤትን ይፈራል።»

ቶማ ይህን አንብቦ ከበሮውን ለሽያጭ አወጣ። ቤሌ ከተማ አጎቱ ጋ ወርዶ በቆሎ ሊነግድ ቆረጠ። ትርፌ ደግሞ ሲጮህ የኖረ ልጇ ዝም ማለቱን አልቻለችውም። ረቡዕ ከሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ኢሳይያስ ደጅ ቆመች።

«የልጄን አልበም ሳትሰማ የሰደብክ አንተ ነህ?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ስንቴ?»

«ዘጠኝ ጊዜ።»

እሷ ራሷ አንዱን ዘፈን እንኳ እስከ ዳር ሰምታ አታውቅም።

«ዘጠኝ ጊዜ የሰማ ሰው እንዲህ ይጽፋል?»

«ጥሩ ባይሆን አንዴ ሰምቼ እተወው ነበር። ልጅዎ ጉልበት አለው። ግን ከላዩ የተቀመጠበት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

ትርፌ ምን እንደሆነ አወቀች። ግን ሞቷ ነው፣ አትናገርም።

«ጽሑፉን አጥፋው።»

«አላጠፋም።»

«እናት እየለመነችህ?»

«እየለመኑኝ ነው እንዴ? እየተቆጡኝ መስሎኝ።»

«አንተ ደረቅ!» ብላ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ ተብሰለሰለች። ሰውየውን እንዳትረግም እውነቱን ነው፤ ራሷን እንዳትረግም አልለመደባትም።

ቤት ስትደርስ ቶማ የተጠፈረ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ጓዳ ገብታ የበሩን ቃጫ ቦጨቀች፣ የግድግዳውን አወረደች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከበሮው ሆድ ውስጥ ከትታ የጎሰረችውን እየጎተተች አወጣች። ከግድግዳው ማዶ የእነብርነሽ ጸሎት ጥርት ብሎ መጣ።

«ና ምታ» አለች።

«እማ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ቀኑን አውቀዋለሁ።»

«ገዢው ነገ ይመጣል። ተይኝ በቃ።»

የከበሮውን ዱላ አንስታ ራሷ መታችው። ቤቱ ተናጋ፤ ማዶ ጸሎቱ ቀጥ አለ።

«ትርፌ! ምን ወደቀብሽ?» አለች ብርነሽ በግድግዳው።

«ምንም አልወደቀም! ልጄ እንደገና ሊቀዳ ነው!»

ደግማ መታች። ምት የለው፣ ቤት የለው፣ ዝም ብሎ ድብደባ ነው። ሦስተኛውን ስታሳርፍ ቶማ ከሻንጣው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ኧረ እማ! እንዲህ አይደለም የሚመታው!»

«ታዲያ መጥተህ አትነጥቀኝም!» አለች፣ ዱላውን ጭብጥ አድርጋ ይዛ።