የፈረንጁ ብረት

ኪዳነ ማርያም ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ከአንኮበር በታች፣ አይራራ ወንዝ ላይ ያለው የውሃ ወፍጮ ጠባቂ እሱ ነው፤ ወፍጮው ደግሞ ታሟል። የላይኛውን ድንጋይ ከውሃው መዘውር ጋር የሚያያይዘው ብረት ጫፉ ተበልቶ፣ ድንጋዩ ይንገዳገዳል። በጠፍር አሰረው፣ ቅቤ ቀባው፣ ጠበል ረጨው። አሥር ጊዜ ይነሳል፣ አሥር ጊዜ ይቀመጣል፤ ወፍጮው እንደሆነ ያው ነው።

ወፍጮውን የሠራው ፈረንጅ፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አገሩ ገብቷል። ሲሰናበት «ብረቱ ካስቸገረህ ላክብኝ» ብሎት ነበር። አምና ብረቱ መሳሳት ሲጀምር ላከበት። መልሱን የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓወል ከባሕሩ ወደብ ከዘይላ ይዞለት የመጣው ገና ትናንት ነው።

«ወላሂ፣ አስተርጓሚው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበበልኝ» አለ ዓወል። «ያንን ዓይነት ወፍጮ ትቼዋለሁ፣ ብረቱንም አልሠራም፣ ከፈለጋችሁ አዲሱን ዓይነት ከእኔ ግዙ ነው የሚለው።»

«ይሄኛውሳ?»

«ይሄኛውማ ለእሱ የሞተ ነው፣ ወንድሜ።»

የሞተ! ድንጋዩ ዓይኑ እያየ ሲዞር! ኪዳነ ማርያም በንዴት ጦፈ፤ ወልዶ መካድ ይሏል ይሄ ነው።

ንዴቱ ለወፍጮው ብቻ አልነበረም። የሚስቱ የወለተሐና አባት ተዝካር አሥር ቀን ቀርቶታል፤ አምስት ዳውላ እህል ይፈጫል። እሷ ደግሞ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛው ፅንስ የወረደባት እጅ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ስትውል ነው። ዛሬ ጧት ያንኑ ወፍጮ አቧራውን ስትጠርግ አያት። «ጎረቤት ያግዘኛል» አለችው። ሌላው ሲፈጭላት ቁጭ ብላ የምታይ ሴት አለመሆኗን ያውቃል። ፈራ።

በአገሩ ብረት የሚሠራ ጠፍቶ እኮ አይደለም። ቀጥቃጩ ገብረ ጻድቅ ከወንዙ ማዶ አለ። ማረሻውን የማያሠራው ሰው የለም፤ ግን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው ይሉታል፣ እህላቸውን እንዲያይባቸው አይወዱም። ሚስቱ ይርጋለም አንድ ቀን እህሏን ይዛ ስትመጣ፣ ዓይን ወፍጮውን እንዳይበላው ብሎ የመለሳት ኪዳነ ማርያም ራሱ ነው።

ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ ብረቱን በኩታው ጠቅልሎ ተሻገረ። ገብረ ጻድቅ ብረቱን ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«የገዛ ሥራዬን አምጥተህልኝ!» ቅባቱን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ሦስት ጭረት አሳየው። «ምልክቴ ናት። የፈረንጁ ብረት በመጀመሪያው ክረምት ተሰበረ። ይሄን የቀጠቀጥኩለት እኔ ነኝ። ሰው ከሰማ እህሉን አያመጣም ብሎ አስማለኝ። እሱ እንደሆነ ሄዷል፤ አንተም ወደ ደጄ መጥተሃል፤ ከእንግዲህ መሐላው ምን ያደርግልኛል?»

ኪዳነ ማርያም ሳያስበው ሆዱን ዳበሰ። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ብረት በልቷል፤ አንድ ቀን እንኳ አልታመመም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ዘይላ ድረስ ልኮ ያስፈለገው ብረት ሠሪ፣ ውሃ ሲቀዳ የሚያየው ጎረቤቱ ነበር። አፈረ፤ ማፈሩንም መደበቅ አልቻለም።

«ትሠራልኛለህ?»

«ለነገ ይደርሳል። ዋጋም አልጠይቅህም። የይርጋለም ትከሻ በእጅ ወፍጮ አልቋል፤ እህሏን ትፈጭላታለህ።»

«ማታ ማታ ሰው ሳይኖር…»

«በስውርማ አራት ዓመት አገለገልኳችሁ» አለ ገብረ ጻድቅ። «በቀን ነው፣ ሰው እያየ።»

ዓርብ ጧት ሴቶቹ ወፍጮው ደጅ ተሰልፈው ነበር፤ ወለተሐናም ቁናዋን ይዛ መጨረሻ ላይ ቆማለች። ኪዳነ ማርያም አዲሱን ብረት በእጁ፣ ስልቻ በትከሻው፣ ይርጋለምን ከኋላው አስከትሎ ወረደ።

ብረቱን ገጠመ። ስልቻውን ፈታ። «ብረቱ የገብረ ጻድቅ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ፊተኛውም የእሱ ነበር። የበላችሁት ዱቄት ሁሉ በእሱ የተፈጨ ነው።» የይርጋለምን ገብስ መጀመሪያ አፈሰሰ።

አንዷ ሴት አማትባ እህሏን አነሳችና ሄደች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ ሦስት፣ አራት፣ ሌሎቹም። ኪዳነ ማርያም ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት ፈራ።

ድንጋዩ ሳይንገዳገድ ዞረ። ወለተሐና ሆዷን ደግፋ፣ ባዶ በቀረው ደጅ አልፋ መጣችና ቁናዋን ከይርጋለም ስልቻ አጠገብ አስቀመጠች።

«ከእሷ ቀጥሎ የእኔ ነው» አለች።