በሰርግ ያለቀው ጭራቅ

መጽሐፉ ታትሞ ቤት የገባ ዕለት ተርጓሚዋ አልገለጠችውም። ሽፋኑ ላይ የተሳለውን ነጭ ፈረስ አየች፣ ስሟ ያለ ስሕተት መጻፉን አረጋገጠች፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ አቆመችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ቃል ስታላምጥ ከርማለችና መልሶ ማንበቡ የራስን ድምፅ ከስልክ ላይ እንደ መስማት ይቀፋታል። በማግስቱ ያስገለጧት አማቷ ናቸው።

«ከዚያ ከተበታተነ ወረቀትሽ ሳይሆን ከመጽሐፉ አንብቢልኝ» አሉ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ። «መጨረሻውን። ልጅቷ ወደ ታች ስትወርድ ያለውን።»

የአማቷን ዐይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። መጽሐፉን ያነበቡት በጆሯቸው ነው፤ ተርጓሚዋ አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ስታነብላቸው ስለከረመች መጨረሻውን ከእሷ እኩል ያውቁታል።

ጀመረች። መቃብር ቆፋሪዋ ልጅ ፋኖሷን አነሳች፤ ከደወሉ ማማ ሥር ያለውን የብረት በር ገፋች፤ ደረጃውን መውረድ ያዘች። እስከዚህ ልክ ነው። ገጹን ስትገልጥ ግን ዐይኗ ያየውን አፏ ከተናገረው በኋላ ነው የገባት። «በዚህ ጊዜ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ አንድ መልከ መልካም ፈረሰኛ ከተፍ አለ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አማቷ። «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?»

«እኔ እንጃ እማማ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

«እኔ አልጻፍኩትም። ደራሲዋም አልጻፈችውም።»

«ቀጥይ እስቲ።»

ቀጠለች። ፈረሰኛው የአውሬውን አንገት በአንድ ምት ቀነጠሰ። የግንቡ ጌታ ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ፣ ሕዝቡም እንባውን እየጠረገ ማረው። ወረርሽኙ እንደ ጉም በነነ። በመጨረሻው አንቀጽ መቃብር ቆፋሪዋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከፈረሰኛው ጎን ቆማለች።

«ተዳረች?» አሉ አማቷ።

«ተዳረች።»

«ገላዋን እንኳ ሳትታጠብ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ተርጓሚዋ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ዕለት ግን ደሟ ፈላ። መጽሐፉን ዘጋችና በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች፤ ለቀቅ ብታደርገው ከበረንዳው ላይ የምትወረውረው መስሏት።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደከነከናት ለመረዳት፣ ሁለቱ ሴቶች እንዴት ከዚህ መጽሐፍ ጋር እንደተገናኙ ማወቅ ያስፈልጋል። የተርጓሚዋ ባል፣ የእኚህ እናት የመጨረሻ ልጅ፣ ሆዱን ታሞ ነው የሞተው። በሽታው ምን እንደሆነ ሐኪሙና የባሏ ታላቅ ወንድም ያውቁ ነበር። ለቀሩት ግን ጨጓራ ነው ተባለ። ለበሽተኛውም፣ ለሚስቱም፣ ለእናቱም ጨጓራ። ጠያቂው ሁሉ ብርቱካን ይዞ፣ ፈገግታውን ኮሪደሩ ላይ አስተካክሎ ይገባል። «መልክህማ ተመልሷል» ይሉታል። ለሚስቱና ለእናቱ እውነቱ የተነገራቸው በሽተኛው መስማትም መመለስም ባቃተው ሰዓት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተርጓሚዋ ጣፋጭ መጽሐፍ አልዋጥላት አለ። የፍቅር ልብ ወለድ ስትገልጥ ያ የኮሪደር ፈገግታ ይመጣባታል። አንድ ቀን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ክምር ውስጥ ይሄን አገኘችው። ዘመኑ የመካከለኛው ዘመን ነው፤ ሰው በግንብ አጥር ውስጥ ተቆልፎ የሚኖርበት፣ ፈረሰኛው የብረት ጥሩሩን ለብሶ የሚንጎራደድበት። ከአጥሩ ውጭ ወረርሽኝ አለ። ከማማው በታች አውሬ አለ። ጌታው «ለአውሬው ሰው ካልሰጠነው ወረርሽኙ ይገባል» እያለ በየክረምቱ አንድ ሰው ይመርጣል፤ የሚመረጠው ደግሞ ሁልጊዜ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ተርጓሚዋ ከሻጩ አጠገብ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ እግሯ ሲደነዝዝ ነው የገዛችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው እንዳልዋሻት ተሰማት።

አማቷ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር። «እኛ ቤት የጎደለው ጭራቅ ነበር እንዴ?» ብለው። ግን ቤቱ ጠባብ ነው፤ ተርጓሚዋ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ ካልሰማችው አይጥማትም። ከሳምንታት በኋላ አሮጊቷ ሽንኩርት እየላጡ፣ እንደዋዛ፣ «ያቺ ልጅስ? ወረደች?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ምዕራፉ ሲዘገይ የሚነጫነጩት እሳቸው ሆኑ። ምን እንደወደዱለት ስትጠይቃቸው ትንሽ አሰቡ። «እዚህ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይፈራሉ» አሉ። «ሲፈሩ ደግሞ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ፈራሁ ይባባላሉ።»

እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው ነጭ ፈረስ የገባበት።

አሳታሚው ጋሽ ሽፋን ይባላሉ። ስማቸው ሌላ ነው፤ መጽሐፉን ሳያነቡ ሽፋኑን ስለሚመርጡ ደራሲዎቹ ያወጡላቸው ነው። ቢሯቸው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ነው፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሎ ለእንግዳ የቀረችው አንዲት ወንበር ናት።

«መጨረሻውን ማን ነው የጻፈው?» አለች ገና ከበሩ።

«መጀመሪያ ተቀመጪ እንጂ።»

«መቆም ይሻለኛል።»

«የእህቴ ልጅ ትንሽ ነካክቶታል። ብዕሩ ጥሩ ነው።»

«አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነቅሎ ሌላ መትከል ነካካው ይባላል?»

ጋሽ ሽፋን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቁጣ ለምደዋል፤ ዝናብ እንደሚያባራ ሁሉ እሱም ያባራል ብለው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። «ስሚኝ ልጄ። አንባቢ ደክሞት ነው የሚመጣው። ቤቱ በቂ ጣጣ አለው። ልጅቷ ጉድጓድ ውስጥ ሞታ ስትቀር ማን ለጓደኛው ግዛው ይላል?»

«ሞታ አልቀረችም። በሩን ከፍታ ነው የሞተችው።»

«ያው ሞታለች።»

«ያው አይደለም።» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ይሄን ዓይነት መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ጭራቅ የለም እንዲሉት አይደለም የሚገዛው። መኖሩንማ ያውቃል፣ ቤቱ ድረስ መጥቶበታል። አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ አብሮት ወርዶ እንዲያይለት ነው የሚፈልገው። እናንተ ደረጃው አጋማሽ ላይ ፋኖሱን አጥፍታችሁ ኬክ ሰጣችሁት። ጌታውንስ ለምንድን ነው ያስለቀሳችሁት? ዕድሜውን ሰው ሲያስበላ የኖረውን?»

«ሰው ይቅርታ ይወዳል።»

«ይቅርታውን እሱ አልጠየቀም። የእህትዎ ልጅ ነው የጠየቀለት።»

«ውላችን አስፈላጊ እርማት ማድረግ እንችላለን ይላል።»

«ሰርግ ነው እርማቱ?»

ወይ ምዕራፉ ይመለስ፣ ወይ ስሜ ይነሳ አለች። «ሽፋኑ ታትሟል» አሉ ጋሽ ሽፋን፤ ለእሳቸው ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም። «ይልቅ ቅዳሜ ምረቃው ላይ እንዳትቀሪ። ፊትሽን ፈታ አድርጊና ነይ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሳለች መባል የነበረበት ሁሉ አንድ በአንድ መጣላት። ቤት ስትደርስ የባሏ ታላቅ ወንድም እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። አማቷ ወሬውን ቀድመው ነግረውታል። እሷም የጋሽ ሽፋንን መልስ ጨመረችበት።

«ምን አለበት?» አለ እሱ። «ሰው እንዳይከፋው ብለው ነው እኮ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ድምፁ ወደመጣበት አዞሩ። «እንዳንተ ማለት ነው?»

«እማዬ...»

«እንዳይከፋን ብለህ እንደሸሸግከን ማለት ነው?»

«ለእናንተ ብዬ ነው። ምን ታደርጉ ነበር ብታውቁ?»

«ምን አደርግ እንደነበር ልንገርህ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ወንድምህ አልጋ ላይ ሆኖ እጄን ይይዘኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይሻለዋል ብዬ ስለ ሳሎኑ መጋረጃ አወራለት ነበር። ቡናማ ይሁን ሰማያዊ እያልኩ። የልጄን የመጨረሻ ወር በመጋረጃ ወሬ ነው የጨረስኩት። ባውቅ ሌላ የምነግረው ነበረኝ። የሚነግረኝም ይኖረው ነበር። እሱን ነው የወሰድክብኝ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ተርጓሚዋ ይሄን ሁሉ ጊዜ እሷም ሆዷ ውስጥ ያመቀችውን ከሌላ ሰው አፍ ሰማች። አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም፣ አንዳቸውም ምንም አይደለም አላሉም። አማቷ፣ «ቅዳሜ መኪናህን ይዘህ ና፤ ሁለታችንን ታደርሰናለህ» አሉት። «እሺ» አለ።

ምረቃው አንድ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ነበር። ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ግድግዳው ላይ ያ ነጭ ፈረስ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ጋሽ ሽፋን ስለ አሳታሚ ድካም ረዘም አድርገው ተናገሩና ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንድታነብ ማይኩን ሰጧት። መጽሐፉን ሳትገልጥ ቆመች።

«የመጨረሻው ምዕራፍ የእኔ አይደለም» አለች። «የደራሲዋም አይደለም። እሷ ከሞተች ቆይታለች፤ ልትከራከርላችሁ አትችልም። ስለዚህ እኔ የጻፈችውን ልንገራችሁ።»

ጋሽ ሽፋን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እናመሰግናለን፣ ሰዓቱም ስለ...»

«ትጨርስ» አለች የመደብሩ ባለቤት ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ። ቤቱ የእሷ ነውና ተቀመጡ።

ነገረቻቸው። መቃብር ቆፋሪዋ ታች ስትደርስ አውሬውን በሰንሰለት ታስሮ አገኘችው። ብረቱ አንገቱን በልቶ አጥንቱ ይታያል። ሰው ስጡኝ ብሎ የጠየቀው እሱ አልነበረም፤ ጌታው ነው አስርቦ ሰው መብላት ያስተማረው። ወረርሽኙና አውሬው አንዳች ግንኙነት የላቸውም። ልጅቷ ሰንሰለቱን ከሰበረች የተራበው አውሬ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ አስቀድማ ተመልሳ ወጣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ እንዳይዘጋም ዶማዋን ወሸቀችበት። ከዚያ «ፈራሁ» አለች፣ ማንም በሌለበት፣ ጮክ ብላ። ወረደች። ሰንሰለቱን በድንጋይ መታችው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጌታው አልጋው ውስጥ ነው። ብረት በደረጃው ላይ እየተጎተተ ሲወጣ ይሰማል።

አንድ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ፣ «እኔ ግን ሰርጉን ወድጄው ነበር» አለ። ሳቅ ሆነ። እሷም ትንሽ ሳቀች። አንዲት ወጣት ሴት ግን አልሳቀችም። «እኔን እኮ ነው ያታለሉኝ» አለች መጽሐፉን እያየች፤ ሄዳም ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሌሎችም ተከተሏት። ሁሉም አይደሉም። አማቷ ከፊት ወንበር ላይ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን እንደያዘ፣ ጭብጨባው ካለቀም በኋላ ሲያጨበጭቡ ነበር።

ጋሽ ሽፋን ወር ሙሉ አላነጋገሯትም። ከዚያ ሁለተኛው እትም ወጣ። ሽፋኑ ላይ ቀይ ሪባን ተስሎ «ያልተለሳለሰው መጨረሻ ከነሙሉ አስፈሪነቱ» ይላል። ምዕራፉ ከነነፍሱ ተመልሷል፤ አንድ ቃል አልተነካም። ስሟ ግን የለም። ሽፋኑ ላይም፣ ውስጡም፣ ጀርባውም። ስልክ ስትደውል፣ «ስሜን አንሱ ብለሽ አልነበር?» አሏት ጋሽ ሽፋን፤ ድምፃቸው ውስጥ ተንኮል እንኳ አልነበረም። እሱ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ያፈኑትን እውነት መልሰው ሲሸጡት እፍረት የሚባል አልጎበኛቸውም።

የባሏ ወንድም ሳይጠየቅ ጠበቃ ፈልጎ አመጣ። ክርክሩ ረዘመ፤ በመሃል የመደብሩ ባለቤት ራሷ አሳታሚ ልትሆን እንደሆነ ነግራት ሌላ መጽሐፍ መተርጎም አስጀመረቻት፤ ይሄኛው መነኮሳቱ በድን ስለሚያናግሩበት ገዳም ነው። አማቷ ርእሱን ገና ሲሰሙ ወንበራቸውን አስጠጉ። ሦስተኛው እትም ሲወጣ ስሟ ተመልሶ ነበር፣ ከፈረሱ ኮቴ በታች።

«ፊደሉ ትልቅ ነው?» አሉ አማቷ ሽፋኑን በጣታቸው እየዳበሱ።

«ትንሽ ነው እማማ። በጣም ትንሽ።»

«እንግዲያው ለጠበቃው ደውዪለት» አሉ።

ደወለችለት።